ሥነ ጽሑፋዊ ጋዜጠኝነት ልብ ወለድ ነው እንዴ?

አይደለም። ስሙ ግን ያደናግራል፤ «ሥነ ጽሑፋዊ» ሲባል ፈጠራ ጣል ጣል የተደረገበት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ከልብ ወለድ የሚዋሰው አተራረኩን ብቻ ነው። ትዕይንት ይሥላል፣ ምልልስ ያስገባል፤ ፍሬ ነገሩን ግን ከኪሱ አያወጣም።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 28 ቀን 1968 ቺካጎን እንይ። የአሜሪካው ዴሞክራቲክ ፓርቲ የፕሬዚዳንት ዕጩውን የሚመርጥበት ጉባኤ ላይ ነው። ተራ ዜና «ፖሊስ የቬትናምን ጦርነት የሚቃወሙ ሰልፈኞችን ደበደበ፤ ሁበርት ሀምፍሬ ዕጩ ሆነው ተመረጡ» ብሎ ያበቃል። ሥነ ጽሑፋዊው ዘጋቢ ሚቺጋን ጎዳና ላይ ሒልተን ሆቴል ደጃፍ ይቆማል። በፖሊስ የተገፋው ሕዝብ የሆቴሉን መጠጥ ቤት መስታወት ሰብሮ ወደ ውስጥ ሲወድቅ፣ አስለቃሹ ጭስ ሆቴሉ ውስጥ ሲገባ፣ ውጭ ያለው ሕዝብ «ዓለም ሁሉ እያየ ነው!» እያለ ሲጮህ ይጽፋል። በዚያው ሌሊት ጉባኤው አዳራሽ ውስጥ ድምፅ ይቆጠራል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጡ ራሱ ፍርድ ነው።

«እኔ» ማለትም ይፈቀዳል፤ አሜሪካዊው ደራሲ ኖርማን ሜይለር እንዲያውም ስለዚሁ ጉባኤ ሲጽፍ ራሱን «ዘጋቢው» እያለ እንደ ሌላ ሰው ተረከው። (ትንሽ መኮፈስ አለበት፤ ግን ያምርበታል።) የአሜሪካው ኤስኳየር መጽሔትም ፈረንሳዊውን ደራሲ ዣን ዠኔንና አሜሪካዊውን ልብ ወለድ ጸሐፊ ዊሊያም ባሮውስን ወደዚያው ልኮ ነበር፤ ሁለቱም የዜና ሰዎች አልነበሩም።

የማይፈቀደው ያልተባለን ቃል በሰው አፍ ማስገባት ነው። የባለጉዳዩን ሐሳብ መጻፍ የፈለገም መጀመሪያ ባለጉዳዩን መጠየቅ አለበት።