ክላሽና ኤም-16፦ የትኛው ይነክሳል? ለምን?

መሣሪያ ነከሰ የሚባለው የተተኮሰው ቀለህ አልወጣ ሲል ወይም ተከታዩ ጥይት በትክክል አልጎርስ ሲል ነው። ስለ ክላሽንኮቭና ስለ ኤም-16 ሲወራ ደግሞ ሁሌ የሚባለው አንድ ነው። ክላሽ ከጭቃ ውስጥ ወጥቶም ይተኩሳል፣ ኤም-16 ግን አቧራ ሲነካው ይነክሳል ይባላል። ወሬው እውነት አለው፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው።

የኤም-16 ስም የጠፋው ቬትናም ላይ ነው። መሣሪያውን በነደፈው በአሜሪካዊው ዩጂን ስቶነር ንድፍ፣ ከበርሜሉ የሚወጣው ጋዝ በቀጭን ቱቦ ተመልሶ በቀጥታ ተንቀሳቃሹ ክፍል ውስጥ ይገባል። መሣሪያው ቀላል የሆነው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። በሌላ በኩል የባሩዱ ጥላሸት የሚያርፈው እዚያው ዋናው ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ መወልወልና ዘይት መቀባት አለበት።

ችግሩ፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ወደዚያ ጫካ የገቡት ብዙዎቹ የአሜሪካ ወታደሮች መወልወያ አልነበራቸውም። መሣሪያው ራሱን ያጸዳል ተብሎ ተነግሯቸው ነበር! በዚያ ላይ የጥይቱ ባሩድ ተቀየረ። አዲሱ ባሩድ ጥላሸት ያበዛል፣ የተኩሱንም ፍጥነት ጨመረው። ጥይቱ የሚጎርስበት ክፍል ደግሞ ክሮም አልተለበጠም፤ በቬትናም እርጥበት ይዝግ ጀመር። የዛገው ብረት ቀለሁን ይዞ አልለቅም ይላል። ያኔ መፍትሔው የመወልወያ ዘንግ በአፈሙዙ አስገብቶ ቀለሁን ወደ ኋላ መግፋት ነው፤ ያውም ጥይት በሚዘንብበት ሰዓት። ዘንግ የሌለው ከጓዱ መለመን ነበረበት። ሁሌም የሚያናድደኝ ይህ ነው። ልጆቹ የሞቱት በመሣሪያው ንድፍ ብቻ አይደለም፣ ርካሽ የሆነ የብረት ዘንግና ብሩሽ ስላልተሰጣቸውም ነው።

በ1967 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ ጉዳዩን መረመረ። መጎረሻው ክሮም ተለበጠ፣ መወልወያ ታደለ፣ ወታደሩም እንዴት እንደሚያጸዳ ተማረ። ለአያያዙ በካርቱን የተሣለ መመሪያ እንኳ ተዘጋጀ። ከዚያ በኋላ መንከሱ በጣም ቀነሰ።

ክላሽን እንየው። በ1949 (እ.ኤ.አ.) የሶቪየት ጦር የተቀበለው ይህ መሣሪያ ጥላሸቱን ከበርሜሉ በላይ ባለው ፒስተን ላይ ያስቀራል። ክፍሎቹ ላላ ብለው ስለተገጠሙ ትንሽ ቆሻሻ አያቆማቸውም። በርሜሉም በውስጥ በኩል ክሮም ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ብልሃት ሰደፉ ላይ ነው። የሰደፉን ጫፍ በጣት ጫን ሲሉት አንዲት የብረት ቀፎ ብቅ ትላለች። ብሩሿ፣ መፍቻዋ ሁሉም እዚያ ውስጥ ናቸው። ዘንጉ በርሜሉ ሥር ተሰክቷል። መወልወያው ከመሣሪያው ጋር አብሮ ይዘምታል ማለት ነው።

ታዲያ ክላሽ መወልወል አያስፈልገውም የሚሉት ከየት አመጡት? ያስፈልገዋል እንጂ። የቆዩ የሶቪየት ጥይቶች ሲተኮሱ በርሜል ውስጥ ጨው ይተዋሉ። ጨው እርጥበት ይስባል፣ ዝገት ይከተላል። ዘይት ብቻ ጨውን አያነሳውም፤ መጀመሪያ በውሃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ከዚያ ነው የሚቀባው። ክላሽን ጭቃም ያሸንፈዋል። መጠበቂያው (ሳይታሰብ እንዳይተኩስ የሚቆልፈው ማንሻ) ለተኩስ ወደ ታች ሲወርድ በጎኑ ረጅም ክፍተት ይከፈታል፣ ጭቃው በዚያ ሰተት ብሎ ይገባል። ኤም-16 በዚህ በኩል የተሻለ ተሸፋፍኗል።

እስራኤል አሸዋ ያስቸገረውን ኤፍ.ኤን. የተባለ የቤልጅግ ንድፍ ጠብመንጃዋን ጋሊል በተባለው በራሷ ጠብመንጃ ስትተካ የክላሽን አሠራር ነበር የወሰደችው። ጋሊል ክብደቱ ስለማይወደድ ብዙ ወታደሮቿ በኋላ ወደ ኤም-16 ዞሩ።

የዘይቱም ነገር እንደ አገሩ ነው። የእኛ ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ሲዘምት የያዘው ባለ 8 ጥይቱን ኤም-1 ጋራንድ ነበር። በዚያ ውርጭ ዘይት የበዛበት ጠብመንጃ ዘይቱ ይረጋና እንቅስቃሴው ይከብዳል። ስለዚህ እዚያ ስስ አድርጎ ቀብቶ፣ የተረፈውን በጨርቅ መጥረግ ነው።