የተኩስ መደገፊያ ምንድን ነው? ለሌቨር አክሽን ጠመንጃስ የትኛው ይሻላል?

ቆሞ ያነጣጠረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የፊት ማነጣጠሪያዋ አንድ ቦታ አትረጋም። ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ይገባል ይወጣል፣ ክንድ ይዝላል። እጅ ላይ ሲታይ ኢምንት የሚመስለው ውዝዋዜ ኢላማው ጋ ሲደርስ ትልቅ ነው። ሒሳቡን እንየው። በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያዎች መካከል ግማሽ ሜትር አለ እንበል። የፊተኛዋ 1 ሚሊሜትር ብቻ ብትዛነፍ፣ ጥይቱ 100 ሜትር ላይ 20 ሴንቲሜትር ይስታል። የአንድ መካከለኛ አጋዘን ልብና ሳንባ ያሉበት ቦታ ስፋቱ ይህንኑ ያህል ነው። ያቺ አንድ ሚሊሜትር እንስሳውን ቦታው ላይ ትጥለዋለች፣ ወይም አቁስላው ጫካ ውስጥ ሲሰቃይ እንዲያድር ታደርገዋለች።

የተኩስ መደገፊያ ይህን ውዝዋዜ የሚቀንስልን ነገር ነው። የአሸዋ ከረጢት ሊሆን ይችላል። ሁለት ዱላ አንድ ላይ ታስሮ፣ ባለሦስት እግር መቆሚያ፣ ጠመንጃው ላይ የሚገጠም ባለሁለት እግር፣ የጀርባ ቦርሳ፣ የወደቀ ግንድም ያገለግላል። ዓይነቱ ይብዛ እንጂ ሥራው አንድ ነው፤ የጠመንጃውን ክብደት ከጡንቻ አንስቶ ለመሬት ይሰጣል። ጡንቻ ይደክማል፣ መሬት አይደክምም።

ብዙ ሰው ታዲያ መደገፊያ ሲባል ጠመንጃውን ጠፍሮ የሚይዝ ነገር ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ጠመንጃ ሲተኮስ መንቀሳቀሱ አይቀርም። ገና ጥይቱ ከአፈሙዙ ሳይወጣ ብረቱ ይርገበገባል፣ ሰደፉም ትከሻን መግፋት ይጀምራል። ይህን ማስቆም አይቻልም። የሚቻለው እንቅስቃሴው በየተኩሱ አንድ ዓይነት እንዲሆን ማድረግ ነው። ጥሩ መደገፊያ ጠመንጃውን ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ፣ በዚያው ልስላሴ ይነካዋል። ከዋጋውም ከመልኩም በፊት መታየት ያለበት ይኼ ነው።

አሁን ወደ ሌቨር አክሽን እንምጣ። ይህ ጠመንጃ የሚቀባበለው ምላጩ ጋ ያለውን ቀለበት መሰል እጀታ ወደ ታችና ወደ ፊት ገፍቶ በመመለስ ነው። እጀታው ሌቨር ይባላል። ጆን ብራውኒንግ የነደፈው የ1894ቱ ዊንቸስተርና እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ማርሊን 336 በጣም ከታወቁት ውስጥ ናቸው። አብዛኞቹ ጥይታቸውን የሚይዙት ከበርሜሉ ሥር በተዘረጋ ረጅም ቱቦ ውስጥ ነው። የ1895ቱን ዊንቸስተር የመሳሰሉ ሳጥን ካዝና ያላቸውም አሉ፤ ግን ጥቂት ናቸው።

ችግሩ ያለው ቱቦው ላይ ነው። ከበርሜሉ ጋር በቀለበት ወይም በሌላ ማያያዣ ተያይዟል። ስለዚህ ቱቦውን የሚጫን ነገር ሁሉ በርሜሉንም ይጫናል። በርሜሉን ወይም ቱቦውን ጠንካራ ነገር ላይ አስደግፋችሁ ከተኮሳችሁ፣ ጥይቱ አብዛኛውን ጊዜ ከለመዳችሁት ቦታ ከፍ ብሎ ይመታል። ብረቱ ከጠንካራው ነገር ነጥሮ ስለሚነሳ ነው። መደገፍ ያለበት የፊት እጅ የሚይዘው እንጨት ነው፤ እሱም ወደ ጠመንጃው ወገብ ቀረብ ብሎ። የማንገቻው ማሰሪያ ብሎንም ከረጢቱን እንዳይነካ ተጠንቀቁ። ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲመለስ ከረጢቱን እየጎተተ ልዩነት ያመጣል።

ጠመንጃው ላይ የሚገጠመውን ባለሁለት እግር ለሌቨር አክሽን የማልመክረውም ለዚህ ነው። የሚታሰረው ቱቦው ወይም የፊት እንጨቱ ጫፍ ላይ ነው። እግሮቹ ላይ በተደገፋችሁ ቁጥር ጉልበታችሁ በቀጥታ ወደ ብረቱ ይሄዳል። ዛሬ ጠበቅ፣ ነገ ላላ ካደረጋችሁ ጥይቱም ቦታ ይቀያይራል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሌቨሩ ራሱ ነው። ሲከፈት ወደ ታች ረዘም ብሎ ይወርዳል። ከረጢቱ ዝቅተኛ ከሆነ ሌቨሩ ጠረጴዛውን ይመታል። ያኔ ጠመንጃውን አንስታችሁ ታቀባብሉና እንደገና ታስተካክላላችሁ። እንግዲህ ያ ሁሉ ዝግጅት ከዜሮ ሊጀመር ነው። ስለዚህ የፊቱ መደገፊያ ከፍ ያለ ይሁን። የኋላውን ትንሽ ከረጢት ከሌቨሩ ርቆ፣ በሰደፉ ታችኛ ጫፍ ሥር አድርጉት። በእጅ ጨመቅ ለቀቅ በማድረግ ከፍታውን በጥቂቱ ማስተካከል ይቻላል። በደረት ተኝቶ ለሚተኩስ ሰው ደግሞ መፍትሔው ጠመንጃውን ወደ ጎን ጋደል አድርጎ ማቀባበል ነው።

ትከሻን ከምት ለማዳን ተብለው የሚሠሩ፣ ክብደት ተጭኖባቸው ሰደፉን ከኋላ የሚያግዱ መደገፊያዎችም አሉ። እኔ ከነዚህ እርቃለሁ። የሌቨር አክሽን እንጨት አንድ ወጥ አይደለም፤ የፊቱና የሰደፉ እንጨት ለየብቻ ነው የተገጠሙት። ሰደፉ ከብረቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ቀጭን ነው። ጠመንጃው ወደ ኋላ መሄድ ሲከለከል ያ ሁሉ ኃይል እዚያ ቀጭን ቦታ ላይ ያርፋል፣ እንጨቱም ሊሰነጠቅ ይችላል። ምቱ ካስቸገራችሁ ትከሻ ላይ ወፈር ያለ ትራስ አድርጉና የተኩሱን ቁጥር ቀንሱ።

መደገፊያው ያለ ጥፋቱ የሚወቀስበትም ጊዜ አለ። ቀጭን በርሜል ቶሎ ይግላል፣ ሲግል ደግሞ የሚመታበት ቦታ ይንሸራተታል። ሦስት ተኩሳችሁ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ።

ከረጢት ለመለማመጃ ቦታ ነው። አደን ላይ ጠረጴዛ የለም። ለሌቨር አክሽን እዚያ የምመርጠው ሁለቱን የተጣመሩ ዱላዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ በሰሜን አሜሪካ ሜዳ ላይ ጎሽ የሚያድኑ ሰዎች ከባድ ጠመንጃቸውን እንደዚህ ባለ ዱላ ላይ ያሳርፉ ነበር። ቀላል ነው፣ ከፍታው በእግሮቹ ስፋት ይስተካከላል፣ ከሥሩ ለሌቨሩ በቂ ክፍተት አለ። ቁጭ ብላችሁ ክርናችሁን ጉልበታችሁ ላይ አሳርፉ። በፊት እጃችሁ እንጨቱንና የዱላውን መጋጠሚያ አንድ ላይ ያዙ። ግንድ ወይም ድንጋይ ካገኛችሁም ባዶውን አትጠቀሙበት፤ መሐሉ ላይ ኮፍያ፣ ቦርሳ ወይም መዳፋችሁ ይግባ። አፈሙዙም ከግንዱ ወጣ ማለት አለበት። ማነጣጠሪያው ከበርሜሉ ከፍ ስለሚል ዓይናችሁ ኢላማውን አጥርቶ እያየ ጥይቱ ግንዱን ሊመታ ይችላል።

አንዱን መደገፊያ ከመምረጣችሁ በፊት በባዶ ጠመንጃ ሞክሩት። ጥይት አለመኖሩን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ፣ አፈሙዙንም አደጋ ወደማያደርስበት አቅጣጫ አዙሩ። አነጣጥሩና ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ሁለቴ ተንፍሱ፣ ግለጡ። ማነጣጠሪያው ከኢላማው ከሸሸ ጠመንጃውን ያቆመው ጡንቻችሁ ነው፤ አቀማመጣችሁን ቀይሩ። ቀጥሎ ሰደፉን ከትከሻ ሳታነሱ አቀባብሉ። ማነጣጠሪያው ተመልሶ ኢላማው አጠገብ ካረፈ መደገፊያው ለእናንተ ይሆናል።

ከዚያ ማነጣጠሪያችሁን በከረጢት ላይ አስተካክሉና በዱላዎቹ 50 ሜትር ላይ፣ ቀጥሎ 100 ሜትር ላይ ሦስት ሦስት ጥይት ተኩሱ። ሦስቱም 20 ሴንቲሜትር ክብ ውስጥ የገቡበት የመጨረሻው ርቀት የእናንተ የአደን ርቀት ነው።