ጠቅ ጠቅ የሚል ፓወር ሰፕላይ፦ ስለ ረዳት ኃይልና ስለ ጌት ፍጆታ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከከዚራ እስከ ሳቢያን ባሉ የድሬዳዋ ጥገና ቤቶች ጠቅ ጠቅ እያለ አልነሳ ያለ ፓወር ሰፕላይ ሲመጣ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የሚላከከው በመቆጣጠሪያው አይሲ (ሰፕላዩን በሚመራው ቺፕ) ላይ ነው። እዚህ ለምሳሌነት የተወሰደው በብዙ ሰፕላዮች ውስጥ የሚገኘው ዩሲ 3842 ነው።

«ጠቅ ጠቅ ካለ አይሲው ተቃጥሏል።» ድምፁ እንዲያውም አይሲው በሕይወት ለመኖሩ ምስክር ነው። ይህ አይሲ የሚደርሰው ቮልቴጅ 16 ቮልት ገደማ ሲሆን ይነሳል፣ ወደ 10 ሲወርድ ይቆማል። የመነሻ ኃይሉን የሚያገኘው ከ220ው መስመር ወደ ዲሲ ተለውጦ ከሚገኘው 310 ቮልት በማስነሻ ሬዚስተር በኩል ቀስ በቀስ ከሚሞላ ኮንደንሰር ሲሆን፣ ከተነሳ በኋላ ግን የትራንስፎርመሩ ረዳት ጥቅል (ለአይሲው ኃይል የሚሰጠው ተጨማሪ የሽቦ ጥቅል) ሊረከበው ይገባል። ኮንደንሰሩ 47 ማይክሮፋራድ፣ ፍጆታው 17 ሚሊአምፔር ቢሆን፣ ከ16 ወደ 10 ቮልት ለመውረድ የሚፈጅበት 17 ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ነው፤ ደርቆ 5 ማይክሮፋራድ ከቀረ ደግሞ ከ2 ሚሊሰከንድ በታች ስለሚሆን፣ ረዳቱ ሳይደርስለት ይጠፋና እንደገና ይሞክራል። የኤሌክትሮላይቲክ ኮንደንሰር ዕድሜ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግማሽ ገደማ ያጥራል፤ በድሬዳዋ ሙቀት፣ ያውም ከሂትሲንክ (ሙቀት አስወጋጅ ብረት) ሥር ተሸጉጦ ለሚውል ኮንደንሰር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የውጤቱ ዳዮድ ሾርት ሲሆንም ረዳቱ ቮልቴጅ አብሮ ወድቆ ያው ድምፅ ይሰማልና፣ ዳዮዱ አስቀድሞ ይለካ።

«ማስነሻ ሬዚስተሩን ብንቀንሰው አይሲው በቂ ኃይል ያገኛል።» ሬዚስተሩ 150 ኪሎኦም ቢሆን የሚያሳልፈው 2 ሚሊአምፔር ገደማ ነው፤ ለመነሳት ከ1 ሚሊአምፔር በላይ ስለማይጠየቅ ይበቃል። 17 ሚሊአምፔር ያለማቋረጥ ያሳልፍ ከተባለ ግን 17 ኪሎኦም ገደማ ሊሆን ነው፣ በላዩ ላይም 5 ዋት ሙቀት ይወጣል። ይህ ጥገና ሳይሆን ምድጃ መሥራት ነው።

«የሞስፌት ጌት በኦክሳይድ የተከለለ ስለሆነ ምንም አይበላም።» ከሁሉ የሚያሳስተው ይህ አባባል ነው። ሞስፌቱ ኃይሉን በፍጥነት እያበራ የሚያጠፋው ትራንዚስተር፣ ጌቱ ደግሞ አይሲው የሚያዝበት እግሩ ነው። ጌቱ በቆመ ቮልቴጅ ላይ በርግጥ አይበላም፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ዑደት መሞላትና መራገፍ ስላለበት አማካይ ፍጆታው የጌት ቻርጁ (ጌቱን አንዴ ለመሙላት የሚያስፈልገው፣ በናኖኩሎምብ የሚለካው የኤሌክትሪክ ሙል) በፍሪኩዌንሲው ሲባዛ የሚገኘው ነው። 60 ናኖኩሎምብ በ100 ኪሎኸርትዝ 6 ሚሊአምፔር ይሆናል፤ የአይሲው የራሱ 11 ሲታከልበት ከላይ የተጠቀሰው 17 ይመጣል። የተቃጠለውን ሞስፌት «ትልቁ ይሻላል» ብሎ ባለ 150 ናኖኩሎምብ በሆነው የተካ ሰው የጌቱን ድርሻ ወደ 15፣ ጠቅላላውን ወደ 26 ሚሊአምፔር አሳድጎታል፤ ለ17 የተመጠነው ረዳት ወረዳ ሊወድቅ የሚችለውም በዚህ ነው። ስለዚህ ምትክ ሲመረጥ ከአምፔሩና ከቮልቴጁ ጋር የጌት ቻርጁም ይነበብ።

«ጌት ሬዚስተሩን ማሳደግ ፍጆታውን ይቀንሳል።» አይቀንስም። በአይሲውና በጌቱ መካከል ያለው ይህ ሬዚስተር ሙቀቱ የሚወጣበትን ቦታና የመብሪያ ማጥፊያውን ፍጥነት ብቻ ይለውጣል።

«መልቲሜትሩ 13 ቮልት ካሳየ ረዳቱ ደህና ነው።» በ10 እና በ16 መካከል የሚዋልል ቮልቴጅም አማካዩ 13 ነው። ይልቅ የ220ው መስመር ተነቅሎ፣ ትልቁ ኮንደንሰር ከተራገፈ በኋላ፣ ለአይሲው ከውጭ 18 ቮልት በሚሊአምፔር መለኪያ በኩል ይሰጠው። ድሬኑ (ዋናው ኃይል ወደ ሞስፌቱ የሚገባበት እግር) ቮልቴጅ ስለሌለው ንባቡ ከእውነተኛው በመጠኑ ያንሳል። 40 ወይም 50 ሚሊአምፔር ካሳየ ግን የጌት ሬዚስተሩ አንድ እግር ይነሳ፤ ንባቡ ወደ 11 ከወረደ የሚበላው ሞስፌቱ ነው፣ ካልወረደ ግን አይሲው ወይም በዚያው መስመር ላይ ያለ የሚያፈስ ዳዮድ ወይም ኮንደንሰር ነው።