የካምፓስ ማስተር ፕላን ምንድን ነው? የኧርቫይን ግቢ አጀማመር

የዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ማስተር ፕላን፣ የመጀመሪያው ተማሪ ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት፣ የትኛው የትምህርት ዘርፍ ከየትኛው አጠገብ እንደሚሆን፣ እግረኛና መኪና በየት በየት እንደሚያልፉ፣ የተማሪው ቁጥር ሲጨምርም ግንባታው ወደየት እንደሚሰፋ የሚወስን ሰነድ ነው። ከውሳኔዎቹ ሁሉ ከባዱ ሳይገነባበት የሚቀረውን ቦታ መለየት ይመስለኛል፤ ለዚህም ከሎስ አንጀለስ በስተደቡብ ምሥራቅ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኧርቫይን ግቢ ጥሩ ማሳያ ነው።

በ1950ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተወለዱት ልጆች ለኮሌጅ ሲደርሱ ነባሮቹ ግቢዎች እንደማይበቁ ተረድቶ አዳዲስ ቦታዎችን ያፈላልግ ጀመር። አጥንቶ እንዲያቀርብ የተቀጠረው አርክቴክት ዊልያም ፔሬራ ከብት ይግጥበት የነበረውን የኧርቫይን ርስት መረጠ። የርስቱ ባለቤት የሆነው ኩባንያ 1,000 ኤከር፣ ማለትም 400 ሄክታር ያህል መሬት፣ በ1 ዶላር ለመልቀቅ ተስማማ፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ 510 ኤከር ገዝቶ ጨመረበት። ግቢው ከተማ እንደሚስብ የታወቀ ስለነበር ፔሬራ ሁለቱን በአንድነት አቀዳቸው።

በንድፉ መሠረት መሐል ላይ ክብ ፓርክ ተተወ፤ ፓርኩን አንድ ማይል ያህል ርዝመት ያለው የእግር መንገድ ይከበዋል፤ ከዚያም ስድስት የትምህርት ዘርፎች እንደ ጋሪ መንኮራኩር ጨረር ወደ ውጭ ተዘረጉ። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የሚበዙባቸው ሕንፃዎች ወደ ፓርኩ ቀርበው፣ የድኅረ ምረቃና የምርምር ሥራዎች ራቅ ስለሚሉ፣ እያንዳንዱ ዘርፍ የጎረቤቱን ቦታ ሳይነካ ወደ ኋላ ማደግ ይችላል። በአማርኛ ካምፓስን ግቢ ስንል አጥርና በር ይታወሰናል፤ እዚህ ሕንፃዎቹን አንድ አድርጎ የያዘው መሐሉ ላይ የተተወው ክፍት ቦታ ነው።

ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ጁን 20 ቀን 1964 ግቢውን ሲመርቁ ሥፍራው ገላጣ ኮረብታ ነበር። ትምህርት በኦክቶበር 1965 በ1,589 ተማሪዎች ተጀመረ፤ የኧርቫይን ከተማ በሕግ የተቋቋመችው ግን በ1971 ነው። የግቢው የመጀመሪያ ቻንስለር (የበላይ ኃላፊ) ዳንኤል ኦልድሪች የአፈር ሳይንስ ምሁር ነበሩ፤ መሐሉ ላይ ያለው ፓርክም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።