«ካይዘር ቢልስ ባትማን» ምንድን ነው? ያፏጨውስ ማነው?

እ.ኤ.አ. በ1967 እንግሊዝ አገር አንድ ሸክላ ወጣ። ዘፈን ነው እንዳይባል ግጥም የለውም። ከላይ እስከ ታች ፉጨት ነው። ከኋላ የወታደር ሰልፍ የመሰለ ምት ይደልቃል፣ ከፊት አንድ ሰው ዘና ብሎ ያፏጫል፤ ሁለት ደቂቃ ከምናምን ላይ ያልቃል። በቃ ይኸው ነው።

ሙሉ ስሙ «አይ ዎዝ ካይዘር ቢልስ ባትማን» ነው። ካይዘር ቢል እንግሊዞች በጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት በዳግማዊ ዊልሄልም ላይ ያወጡት የሹፈት ስም ነው። ባትማኑም ጭንብል ያጠለቀው ጀግና አይደለም፤ የመኮንን አሽከር ነው። ይሄ ከፉጨት ጋር ምን እንደሚያገናኘው እኔን አትጠይቁኝ። መጀመሪያ የነበረው ርዕስ «የወፍ ጥሬ በዛ» እንደማለት ነበር፤ እሱ ይሻለው ነበር።

ነገሩ ቀልድ ይምሰል እንጂ በተወዳጅ ሙዚቃዎች ሰንጠረዥ እንግሊዝ ውስጥ 5ኛ፣ አሜሪካ 20ኛ ደረጃ ድረስ ወጥቷል። የደረሱት ሮጀር ኩክና ሮጀር ግሪናዌይ ናቸው፤ በኋላ በኮካ ኮላው ዝነኛ የማስታወቂያ ዜማ ላይም እጃቸው አለበት። እዚህ ላይ ክርክር የለም። ክርክሩ ያፏጨው ላይ ነው።

ሸክላው «ዊስሊንግ ጃክ ስሚዝ» ይላል፤ ባለፉጨቱ ጃክ ስሚዝ። ሰውዬው ግን የለም። ስሙ በ1920ዎቹ ማይክሮፎን ጥግ ተጠግቶ በሹክሹክታ በሚዘፍነው አሜሪካዊ፣ «ዊስፐሪንግ» ጃክ ስሚዝ፣ ላይ የተቀለደ ነው። ሸክላው ሲወደድ ለቴሌቪዥንና ለመድረክ የሚቀርብ ፊት አስፈለገ። ቢሊ ሞለር የሚባል ወጣት ዘፋኝ ስሙን ተሸክሞ ዞረ። ቀረጻው ላይ ግን እሱ አልነበረም።

ታዲያ ማን ነበር? ሁለት ስም ይነሳል። አንዱ የሸክላ አሳታሚው የዴካ ኩባንያ ፕሮዲውሰር ኖኤል ዎከር ነው። ሌላው ጆን ኦኒል፤ ትራምፔት ተጫዋችና የማይክ ሳምስ ሲንገርስ አባል። እነዚህ ሲንገርስ ስቱዲዮ እየተጠሩ ለሌሎች የሚዘፍኑ ነበሩ። በዚያው ዓመት ቢትልስ «አይ አም ዘ ዎልረስ»ን ሲቀርጹም ከኋላ የሚሰማው የነሱ ድምፅ ነው።

ክርክሩን በጆሮ መፍታት ያስቸግራል። ዘፋኝ ቢሆን በድምፁ ይለያል፤ አንድ ስንኝ ይበቃል። ፉጨት ግን መልክ የለውም ማለት ይቻላል። ልኩን ጠብቆ የሚያፏጭ ሰው ሁሉ ይመሳሰላል። በዚያ ላይ የስቱዲዮ ሙዚቀኛ የሚከፈለው በቀረጻ ሰዓቱ ነው፤ ሂሳቡን ይቀበላል፣ ይሄዳል። ስሙን ሸክላው ላይ መጻፍ ግዴታ አልነበረም።

እኔ ወደ ኦኒል አደላለሁ። ትራምፔት የሚነፋ ሰው ከንፈሩንና ትንፋሹን ማዘዝ ሥራው ነው፤ ይህ ፉጨት ደግሞ አንድም ቦታ አይንሸራተትም። ፕሮዲውሰሩ ራሱ ካፏጨው፣ ለፕሮዲውሰርነቱ ከተከፈለው በላይ ሠርቷል ማለት ነው።