«ሹ ስቶር» ወይስ «ሹዝ ስቶር»?

ሱቁ የሚሸጠው ብዙ ጫማ ነው፤ ታዲያ በእንግሊዝኛ ለምን «ሹዝ ስቶር» ሳይሆን «ሹ ስቶር» ይባላል? ጥያቄው ስለተደጋገመ እስቲ እንየው።

እንግሊዝኛ ሁለት ስሞችን እንዲሁ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ፊተኛው ገላጭ ይሆናል፣ ዋናው ነገር ኋለኛው ነው። እኛ «የ» ጨምረን «የቡና ስኒ» የምንለውን እነሱ ያለ ማያያዣ «ኮፊ ካፕ» ይሉታል። ስኒው ባዶም ሊሆን ይችላል። ቡና ያለበትን ለማለት ከሆነ «ካፕ ኦፍ ኮፊ» ነው። ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ደግሞ ትርጉሙን ይቀይራል። «ቸኮሌት ሚልክ» የሚጠጣ ወተት ነው፤ «ሚልክ ቸኮሌት» ግን የሚበላ ቸኮሌት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ብዙ ቁጥር ላይ ነው። ገላጩ ስም አብዛኛውን ጊዜ በነጠላ ይቀራል፤ የሚበዛው ኋለኛው ነው። ሱቆቹ ሁለት ከሆኑ «ሹ ስቶርስ» እንላለን። ፊቱ ቁጥር ቢገባም ያው ነው፦ «ፋይቭ ስታር ሆቴል» እንጂ «ፋይቭ ስታርስ ሆቴል» አይባልም።

«ስፖርትስ ካር» እና «ሴልስ ማናጀር» ግን «ስ»ን ይዘው ይሄዳሉ። እነዚህን እንዳሉ መያዝ ነው።

ሌላው፣ ስሙ ገላጭ ሆነ ማለት እንደ ቅጽል ሁሉን ይቀበላል ማለት አይደለም። «ጎልድ ሪንግ» ትክክል ነው፤ «ቬሪ ጎልድ ሪንግ» ግን አያስኬድም።

አጻጻፉ ወጥ አይደለም። «ቱዝብራሽ» ተያይዞ ይጻፋል፣ «ባስ ስቶፕ» ተለያይቶ። በዚህ በኩል መዝገበ ቃላት ገለጥ ማድረግ ይሻላል።