ስፖርት ጀምሮ ማቋረጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስፖርት ጀምረው የተዉ ሰዎችን ምክንያታቸውን ብትጠይቋቸው ብዙዎቹ «ስንፍና ነው» ብለው ይገላገላሉ። ስንፍና የለም አልልም። አብዛኛው ሰው ግን የሚሸነፈው ገና ሲጀምር ይዞት በገባው የተሳሳተ ሂሳብ ይመስለኛል።

«ልማድ በ21 ቀን ይያዛል»

ይቺ ቁጥር ከስፖርት ጋር ምንም ዝምድና የላትም። ማክስዌል ማልትዝ የተባለ አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ጥገና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ታካሚዎቹ ከቀዶ ጥገና በኋላ አዲሱን ፊታቸውን እስኪለምዱት ቢያንስ 21 ቀን ያህል እንደሚፈጅባቸው ጻፈ። እሱ የተናገረው ስለ ትንሹ ጊዜ ነበር፤ ሲወራ ሲወራ ግን ቁርጥ ያለ ቀነ ገደብ ሆኖ አረፈው።

በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዋ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንታት ተከታትለው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2010 አሳትመዋል። እያንዳንዱ ተሳታፊ በየቀኑ የሚያደርገውን አንድ ነገር መረጠ፤ አንዱ ከምሳ ጋር ውሃ መጠጣትን፣ ሌላው ከእራት በፊት 15 ደቂቃ መሮጥን። ነገሩ ሳያስቡት የሚደረግ እስኪሆን መካከለኛው ጊዜ 66 ቀን ሆኖ ተገኘ። የሰው ከሰው ልዩነቱ ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይሰፋል፤ ረጅሙ ቁጥር ከጥናቱ ጊዜ ስለሚያልፍ በስሌት የተገመተ ነው። ስፖርት የመረጡት ደግሞ የሚበላና የሚጠጣ ከመረጡት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ጊዜ ወሰደባቸው። እንግዲህ በ22ኛው ቀን ጠዋት አሁንም ከብርድ ልብሱ ጋር የሚታገል ሰው ምንም የጎደለበት ነገር የለም።

«አንድ ቀን ካለፈኝ አለቀ»

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ማክሰኞ ዝናብ ይይዛል፣ ሐሙስ ስብሰባ ይረዝማል፤ ከዚያ «ይሄ ሳምንት እንደሆነ ተበላሽቷል፣ ሰኞ እንደ አዲስ እጀምራለሁ» ይባላል። ሰኞ ሲደርስ ሌላ ሰኞ ይቀጠራል።

የሱስ ማገገምን ያጠናው የሥነ ልቦና ባለሙያ አለን ማርላት ይህን ነገር አስቀድሞ አስተውሎታል። ሰውየውን ወደ ሙሉ ውድቀት የሚገፋው አንዴ መሳቱ ብቻ ሳይሆን ለመሳቱ የሚሰጠው ትርጉም ነው፤ «ድሮም እኔ አልችልም» ካለ በኋላ ለመመለስ የሚያበቃ ምክንያት አያገኝም። በላሊ ጥናት ውስጥ ግን አንድ ቀን መዝለል ልማዱን ይህ ነው የሚባል ጉዳት አላደረሰበትም።

እ.ኤ.አ. በ2021 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው የተመራማሪዋ ካቲ ሚልክማን ቡድን ሙከራ ደግሞ ከዚህ ይሰፋል። ከ61 ሺህ በላይ የአንድ የአሜሪካ ጂም ሰንሰለት አባላት ተካፍለዋል፤ 54 የተለያዩ የአራት ሳምንት ፕሮግራሞች ተፈትነዋል። አንደኛ የወጣው፣ የቀጠረውን ቀን ቀርቶ ለተመለሰ ሰው ጥቂት ተጨማሪ የሽልማት ነጥብ የሚሰጠው ፕሮግራም ነበር። አራቱ ሳምንታት ካበቁ በኋላም ለውጡ የታየው ግን በ8 በመቶዎቹ ፕሮግራሞች ብቻ ነው። «በአንድ ወር ሌላ ሰው እናደርግሃለን» የሚል ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር ይሄ ትዝ ይለኛል።

«ዋናው ቆራጥነት ነው»

ፍላጎት ከሌለ ምንም የለም፤ እሱ ልክ ነው። ግን ስፖርት ለመሥራት ከልባቸው ካሰቡት ሰዎች ግማሽ ያህሉ አያደርጉትም። እ.ኤ.አ. በ2002 በብሪታንያ የታተመ አንድ ጥናት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በሦስት ቡድን ከፈለ። ምንም የተለየ ነገር ካልተደረገላቸው 38 በመቶው፣ ስለ ልብ በሽታ የሚያነቃቃ ጽሑፍ ከተሰጣቸው ደግሞ 35 በመቶው በሚቀጥለው ሳምንት ስፖርት ሠሩ። ሦስተኛው ቡድን ጽሑፉን ካነበበ በኋላ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ የት እንደሚሠራ በወረቀት ጻፈ፤ ከእነሱ 91 በመቶው ሠርተዋል።

ውጤቱ ተማሪዎቹ ራሳቸው የተናገሩትና የአንድ ሳምንት ብቻ ስለሆነ፣ ያንን 91 ለዓመት የሚጠብቅ ሰው ያዝናል። ቢሆንም ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ «በዚህ ሳምንት እንቀሳቀሳለሁ» ከሚል ሐሳብ ይልቅ «ረቡዕ ከሥራ ገብቼ ቦርሳዬን እንዳስቀመጥኩ፣ ሳልቀመጥ ጫማ ቀይሬ 20 ደቂቃ እሮጣለሁ» የሚለው ይሠራል። ቦርሳው ሲቀመጥ ውሳኔው አስቀድሞ ያለቀ ነው፤ ያኔ «ልሂድ ወይስ ልቅር» የሚል ክርክር አይነሳም። ቆራጥ የምንላቸው ሰዎችም ቢሆኑ፣ ሲጠኑ፣ ከፈተና ጋር ከመታገል ይልቅ በልማድ የሚተዳደሩ ሆነው ተገኝተዋል።

«ላብ ካላጠመቀህ ምኑን ሠራኸው?»

ትንፋሽ አጥሮ ማውራት እስከሚያቅት ሲገፋ አብዛኛው ሰው ስሜቱ ይከፋል፤ በእንቅስቃሴው መካከል የሚሰማው ስሜት ደግሞ ነገ መመለሱን ይወስናል። ለጀማሪ፣ እያወሩ መቀጠል የሚቻልበት ፍጥነት ይበቃል። ሌላም አለ፦ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የካናዳ ጥናት እንዳሳየው ሰዎች ስፖርቱ የሚሰጣቸውን ደስታ አስቀድመው ያሳንሱታል፤ የሚታያቸው ከባዱ መጀመሪያ ነውና። ስለዚህ የሚወዱትን እንቅስቃሴ መጀመሪያ ላይ ማስቀደም አይከፋም።

«10 ደቂቃ ካልሞላ አይቆጠርም»

ይህ ድሮ በይፋ የሚባል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ግን ቅድመ ሁኔታውን አነሳው። ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ በሊፍት ፋንታ በደረጃ መውጣቱም፣ አውቶብስ ለመድረስ በፍጥነት መራመዱም እዚያ ላይ ይደመራል።